ባሪያም ጌታም የጠፋበት ድራማ

የሲያትል ኢትዮጵያውያን ማኅበር ኮሚቴ ድራማ ይሠራ ብሎ የወሰነው ድራማ ወድዶ አይደለም። ጃክሰን መንገድ ላይ ከአዳራሻቸው ማዶ ያለው የጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን፣ የባርነት ማብቂያ የሚታሰብበትን የጁንቲንዝን በዓል በእናንተ አዳራሽ አብረን እናክብር ብሎ ስለ ጠየቃቸው፣ እምቢ ማለት አሳፍሯቸው ነው። ሊቀ መንበሩ አቶ ልዑልቃል ተነሡና መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱ። በአንድ ትልቅ ድርጅት መሐንዲስ ናቸው፤ ይህንንም ለማያውቃቸው ሰው ሰላም ከማለታቸው በፊት ይነግሩታል።

"ኦኬ፣ ሶ፣" አሉ፣ "ልጆቻችን የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት እንዴት እንደ ተነሣ በድራማ ያሳዩአቸው። እነዚህ ሰዎች የገዛ ታሪካቸውን ከእኛ ልጆች አፍ ቢሰሙት ይጠቅማቸዋል።"

ሰው ሁሉ አጨበጨበ። በዚህ ማኅበር ጭብጨባ እንደ መተንፈስ ነው፤ ማንም አስቦበት አያጨበጭብም። ከኋላ ወንበር የተቀመጠችው አዲስአለምም አጨበጨበች። አዲስአለም ዋይት ሴንተር የምትኖር፣ በየቤቱ እየዞረች አቅመ ደካማ ሽማግሌዎችን የምትንከባከብ፣ አንዲት ልጇን ዮዳሄን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። ወደ ማኅበሩ የምትመጣው ልጇ አማርኛ እንድትማር ብላ እንጂ የሰዎቹ ወሬ ናፍቋት አልነበረም።

ድራማውን እንዲጽፍ የታዘዘው ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን የሚያስተምረው አክሊሉ ነው፤ ድምፁ ከጉሮሮው የማይወጣ ወጣት። ጥሩ አድርጎ ጻፈው። በመጀመሪያው ክፍል የሰሜንና የደቡብ ግዛቶች መሪዎች ካርታ ዘርግተው መስመር ያሰምራሉ። ከመስመሩ በላይ ባሪያ አይኖርም፣ ከመስመሩ በታች ይኖራል ተባብለው ይጨባበጣሉ። በሁለተኛው፣ ከደቡብ ያመለጠ ባሪያ ሰሜን ቢገኝም ተይዞ ለጌታው ይመለስ የሚል ሕግ ይወጣል፤ ሰሜኖቹ ይቆጣሉ። በሦስተኛው፣ አዲሱ መሬት ባሪያ ይግባበት አይግባበት በሚል ይፋጃሉ። በመጨረሻው ምርጫ ይደረጋል፣ ደቡቦቹ ተገንጥለናል ብለው ይወጣሉ፣ መድፍ ይጮኻል። አራት ባሪያዎችም ነበሩበት። አራቱም ምንም አይናገሩም። መሬት ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይለቅማሉ፤ ሌላው ሁሉ በእነሱ ይጣላል።

ልጆቹ ማን ማንን እንደሚሆኑ የተደለደለው ወላጆች በተሰበሰቡበት አንድ ቅዳሜ ነው። የአቶ ልዑልቃል ልጅ ናኦድ ፕሬዝዳንት ሆነ፤ ይህ ውይይት አላስፈለገውም። የሰሜን መሪ ለመሆን ግማሹ ክፍል እጁን አወጣ። ጄኔራል የሚሆነው ማን ነው በሚለው ሁለት አባቶች ኮሌታ ለኮሌታ ሊያያዙ ደርሰው ነበር። አክሊሉ "ባሪያዎቹስ?" ብሎ ሲጠይቅ ግን ሰው ሁሉ ስልኩን ማየት ጀመረ።

"የኔ ልጅ አስም አለበት" አለች ኤልሳቤጥ የምትባል እናት። "ጥጡ ያፍነዋል።"

"ጥጡ እኮ ከፋርማሲ የተገዛ ነው፣ እትዬ። ንጹሕ ነው" አለ አክሊሉ።

"ይሁና። አስም ፋርማሲ አያውቅም።"

አንዱ ልጄ ወገቡን ያመዋል አለ፤ ልጁ ግን በዚያው ሰዓት ውጭ ኳስ ሲያሳድድ በመስኮት ይታያል። አንዷ ሻሽ ማሰር የልጄን ጸጉር ያበላሸዋል አለች። የማኅበሩ ሽማግሌ አባባ ወልደ ሥላሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እኔ የምለው፣ ባሪያ የሚለውን ቃል ለምን አናነሣውም? ሠራተኛ እንበላቸው፤ ነገሩ ይለዝባል።"

"አባባ፣ በሠራተኛ ምክንያት ነው ጦርነት የገጠሙት ሊባል ነው?" አለ አክሊሉ።

"ደመወዛቸውን ከልክለዋቸው ይሆናላ!"

ይህም ተጨበጨበለት። አቶ ልዑልቃል መነጽራቸውን እንደገና አወረዱ። "ኦኬ፣ ሶ፣ ኮምፕሮማይዝ እናድርግ። ከሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት በፊት አሜሪካ የገባ ቤተሰብ ልጁ ባሪያ አይሆንም። ከዚያ ወዲህ ከገባው ይመረጥ።"

"በፈረንጅ ነው በእኛ አቆጣጠር?" አለ አንዱ ከኋላ።

ጉድ ፈላ። በፈረንጅ ከሆነ ከነጻዎቹ የሚወጡ፣ በእኛ ከሆነ ወደ ነጻዎቹ የሚገቡ ብዙ ቤተሰቦች ነበሩ። እንደኛ አቆጣጠር ይሁን የሚሉት በአገር ፍቅር ተነሥተው ተናገሩ፤ በፈረንጅ ይሁን የሚሉት የምንኖርበትን አገር ሕግ እናክብር አሉ። አዲስአለም ከኋላ ሆና አክሊሉን አየችው። ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ አፉን ከፍቶ ነበር። የጻፈው የመጀመሪያው ክፍል ያለ ልምምድ፣ ያለ ልብስ፣ ዓይኑ ፊት እየተሠራለት ነው።

ያን ጊዜ የአቶ ልዑልቃል ባለቤት ወይዘሮ ጽጌ ሳቅ አለች። "ምን ያጨቃጭቃችኋል? አንድ ባሪያ አይበቃም? ዮዳሄ ትሁን። ያምርባታል።"

 ነገሩን የሚያውቀው መሬት መሬቱን አየ፤ የማያውቀው የጎረቤቱን ክርን ነካ።

"ለምንድን ነው የሚያምርባት?" አለች አዲስአለም።

"እንዲያው ነዋ፣ አዱዬ! ዝምተኛ ናት፣ ታዛዥ ናት። ደግሞ ምን አስቆጣሽ?"

አዲስአለምና ጽጌ የአንድ ወረዳ ልጆች ናቸው። የጽጌ አያት በዚያ ወረዳ ፊታውራሪ ነበሩ። የአዲስአለም አያት በልጅነቷ ከሩቅ አገር ተነድታ መጥታ በእኒሁ ፊታውራሪ ቤት በባርነት ያደገች ሴት ናት። ይህን ሲያትል ውስጥ የሚያውቁት ጥቂቶች ነበሩ፤ ጽጌ ግን አንድ በአንድ፣ በጓዳ ድምፅ፣ ስታበዛቸው ኖራለች። ከዚያ በኋላ የሠርግ መጥሪያ ይቀራል፤ እጅ ሲጨበጥ ጣት ብቻ ይዘረጋል፤ ወንድ ልጅ ያላቸው እናቶች ዮዳሄን ሲያዩ ልጃቸውን ይጠራሉ። እነዚሁ ሰዎች መሐል ከተማ ሱቅ ሲገቡ ዘበኛው ሁሉንም እኩል እየተከተለ ኪሳቸውን ያያል። የማን አጥንት ከማን ይበልጣል ብሎ የጠየቃቸው ዘበኛ እስከ ዛሬ የለም።

አዲስአለም አሰበች። እምቢ ብትል፣ ነካት፣ እውነት ባይሆን ምን አስቆጣት ይላሉ። እሺ ብትል በገዛ አፏ ፈረመች ማለት ነው። ዮዳሄ ደግሞ ስለዚህ ነገር ምንም አታውቅም፤ እናቷ ምንም ነግራት አታውቅማ። "ልጅቷን ልጠይቃት" ብላ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ዮዳሄ መኪና ውስጥ ቀበቶዋን እያሰረች ነበር። ዝናቡ መስታወቱን ይመታል።

"ማሚ፣ ናኦድ የነገረኝ ነገር አለ። የእሱ እናት እንዳለችው የአንቺ ግራንድማ የእነሱ ነበረች። ላይክ፣ ዕቃ። ኢዝ ኢት ትሩ?"

አዲስአለም ሞተሩን አስነሥታ ነዳች። ዋይት ሴንተር ደርሰው ከአንድ ልብስ ማጠቢያ ቤት ፊት ፓርክ አደረገችና ሞተሩን አጠፋች።

"እውነት ነው" አለች።

"ሶ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አፍሬ።"

"አንቺ ለምን ታፍሪያለሽ? እነሱ አይደሉም እንዴ የሚያፍሩት?"

 አዲስአለም የምታውቀውን ነገረቻት። በዚያን ዘመን ትላልቅ ቤቶች ለባሪያ ስም ሲያወጡ የራሱን ስም አይሰጡትም፤ ለጌታው የሚስማማ ስም ከነመልሱ ያወጡለታል። ጌታው በስሙ ሲጠራው ባሪያው አቤት አይልም፤ የተሰጠውን መልስ ይላል። እንግዳ በተሰበሰበበት ፊታውራሪው "ዘመኔ በራ!" ብለው ይጣሩ ነበር። ያቺ ልጅ ከማጀት፣ ከወንዝ፣ ከእንቅልፏም ቢሆን፣ "በጌታዬ ጮራ!" ብላ እየጮኸች ትመጣለች። አዋጅ ወጥቶ ነጻ ከሆነች በኋላም፣ አርጅታ ዓይኗ ከጠፋ በኋላም፣ ስሟን የሰማች እንደ ሆነ አፏ ብቻውን ይመልስ ነበር። ስለዚህ የአዲስአለም እናት ያንን ስም ከቤት አባረረችው፤ አያቲቱም እማማ ብቻ ተብላ ሞተች።

"ባትመልስስ?" አለች ዮዳሄ።

"ዝም ማለት አይቻልም ነበር፣ የኔ ልጅ።"

ዮዳሄ መስታወቱ ላይ የሚወርደውን ውኃ በጣቷ ተከተለችው። "አክሊሉ የጻፋቸው ባሪያዎች ላይን የላቸውም፤ አንድ ቃል አይናገሩም። ሙሉ ድራማ ስለ እነሱ ይጣላሉ፣ ኖባዲ እነሱን አይጠይቅም።" ቀጥላም፣ "አደርገዋለሁ፣ ማሚ። ግን አንቺ መጀመሪያ ለነዚያ ሰዎች ንገሪያቸው። ናኦድ እንዲነግርልኝ አልፈልግም" አለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አዲስአለም ከኋላ ወንበር አልተቀመጠችም። አቶ ልዑልቃል ኦኬ ብለው ሶ ሳይሉ ተነሣች።

"ጽጌ፣ ዮዳሄ ባሪያ ብትሆን ያምርባታል ብለሻል። አያቴ የአያትሽ ባሪያ ስለ ነበረች ከሆነ፣ እውነትሽን ነው፤ ነበረች። ልጄም ትሆናለች። እንግዲህ ድርሻው በዘር ከሆነ ናኦድ ፕሬዝዳንትነቱን ይተውና ጌታውን ይሁን። ለእሱም ያምርበታል።"

የጽጌ ፊት ደም መሰለ። "የኔን ልጅ? በጥቁር አሜሪካውያን ፊት ባሪያ ፈንጋይ ልታደርጊው?"

"በእነሱ ፊት ካፈርሽበት በእኔ ፊት ለምን ስትኮሪበት ኖርሽ?"

"እኅቴ፣ እኅቴ፣ ተረጋጊ" አሉ አቶ ልዑልቃል። "የእኛ አገር እንደዚህ አገር አልነበረም። እዚያ እንደ ልጅ ነው የሚታዩት። አብረው ነው የሚበሉት፣ እንደ ቤተሰብ!"

"እንደ ቤተሰብ ከሆነ ስሟ ማን ነበር?"

አቶ ልዑልቃል ወደ ሚስታቸው ዞሩ። ጽጌ ተነሣች፣ አገጯን ቀና አደረገች፣ ወለሉን በጫማዋ መታች፤ የተናገረችው በራሷ ድምፅ አልነበረም፣ በአያቷ ነበር።

"ዘመኔ በራ!"

አዳራሹ ሙሉ ሰው አዲስአለምን አየ። መልሱን የሚያውቅ አልነበረም፤ ነገር ግን መልስ የሚጠበቅበት ጥሪ መሆኑን ሁሉም ከድምፁ ዐወቀ። አዲስአለም መልሱ ከደረቷ ተነሥቶ ምላሷ ሥር ሲደርስ ተሰማት። ጥርሷን ነከሰችበት። ጽጌን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት፤ ከዚያ እንደ ማንኛውም ሰው ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲያ የሆነው ነገር ለአክሊሉ ሁለተኛ ድራማ ይወጣው ነበር። የደቡብ ጌታ የሚሆን ልጅ ጠፋ። ባለፈው ሳምንት ባሪያ አንሆንም ያሉት ሁሉ አሁን ጌታም አንሆንም አሉ። ባሪያ ከየት እንደ መጣ፣ ማን እንደ ገዛው፣ ማን እንደ ሸጠው የሚያውቅ ቤተሰብ አንድም አልተገኘም። የሁሉም አያት ነጻ አውጪ ሆነ። ጌታ የሌለው ባርነት፣ ጠላት የሌለው ጦርነት፣ ሰሜን ብቻ ያለው አገር! አባባ ወልደ ሥላሴ ይህንንም ሊያለዝቡት ፈልገው፣ "ጌታውን አሠሪ እንበለው" አሉ፤ በዚህ ጊዜ ግን ያጨበጨበላቸው የለም።

አቶ ልዑልቃል፣ "የማኅበሩ አንድነት ስለ ተነካ" አሉና፣ አንድነቱን ለሁለት ከፍለው ወጡ። እሳቸውና ተከታዮቻቸው ማውንትሌክ ቴራስ አዳራሽ ተከራይተው በዚያው በጁንቲንዝ ቀን የራሳቸውን በዓል እንደሚያከብሩ አስታወቁ። ምን እንደሚያከብሩ አልተናገሩም። በበዓሉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ የማኅበሩን ድምፅ ማጉያ ለመውሰድ ሁለት ጎረምሶች ይዘው መጡ። አባባ ወልደ ሥላሴ ማጉያው ላይ ወጥተው ተቀመጡበት።

"ይነሡ አባባ፣ የእኛም ንብረት ነው!"

"ከነእኔ ጫኑታ!"

አንዱ ጎረምሳ ገመዱን ሲጎትት ማጉያው ከነአባባ ወልደ ሥላሴ ተገለበጠ፤ አዳራሹ መድፍ የተተኮሰበት መሰለ። ሽማግሌው አልተጎዱም። ማጉያው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሲናገርበት ያጉረመርማል። እነ አቶ ልዑልቃልም ትተውት ሄዱ።

በማግሥቱ በዓሉ ደረሰ። ከማዶው ቤተ ክርስቲያን ባርኔጣ ያደረጉ አሮጊቶች፣ ክራባት ያሰሩ ሽማግሌዎች መጡና የአዳራሹን ግራ ሞሉት። ከማኅበሩ የመጣው ከግማሽ በታች ነው፤ በቀኝ ተቀመጠ። ከፊት "የክብር እንግዳ" የሚል ወረቀት የተለጠፈባቸው የኮሚቴው ወንበሮች ባዶ ናቸው። የኤልሳቤጥ ልጅ ፕሬዝዳንት ሆነ፤ አስሙ ተሽሎታል። ዮዳሄ ሻሽ አስራ፣ የፋርማሲ ጥጥ የሞላ ቅርጫት ይዛ ከመጋረጃው ኋላ ቆማለች።

"ከትንንሾቹ ደቡብ የሚሆኑ አግኝቻለሁ፤ ጌታው ግን የለንም" አለ አክሊሉ። "ልሰርዘው?"

"አትሰርዘው" አለች አዲስአለም። "እኔ እሆናለሁ።"

"እትዬ አዲስአለም፣ የልጆች ድራማ እኮ ነው።"

"ልጆቹማ አልደፈሩም። አንድ ኮት ስጠኝ።"

አክሊሉ የራሱን ኮት አውልቆ ሰጣት። መነጽር ከአባባ ወልደ ሥላሴ ተዋሰች። መድረክ ላይ ወጥታ መነጽሩን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ ስታወርድ ከአዳራሹ ቀኝ አንድ ሰው በአፍንጫው ሳቀ። "ኦኬ፣ ሶ፣" ስትል የቀኙ ወገን በሙሉ ሳቀ፤ ግራው ምን እንዳሳቃቸው ባይገባውም አብሮ ሳቀ። አዲስአለም ደረቷን ነፍታ በካርታው ላይ ተንጎራደደች፤ ከመስመሩ በታች ያለውን መሬት በጫማዋ ጫፍ ነካ ነካ አደረገችው፤ ከሰሜኖቹ ጋር በሁለት ጣቷ ተጨባበጠች። ጽጌ ለእሷ እጇን የምትሰጠው እንዲህ ነበር።

ዮዳሄ መሬት ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትለቅማለች።

አዲስአለም ዞረችና አገጯን ቀና አደረገች። ወለሉን መታች። ይህ በአክሊሉ ጽሑፍ ውስጥ አልነበረም።

"ዘመኔ በራ!"

ሳቁ ቆመ። ዮዳሄ ራሷን አላነሣችም። አንድ ጥጥ አነሣች፤ ቅርጫት ውስጥ ጨመረች።

"ዘመኔ በራ!"

የቀኙ ወገን አንገቱን ደፋ፤ ግራው ወደ ፊት አዘነበለ። አዲስአለም መነጽሩ የእሷ ስላልሆነ ልጇን የምታያት ደብዝዛ ነበር። ጥሪውን ለሦስተኛ ጊዜ ስትጮኽ ድምፅዋ ተሰነጠቀ፤ የሚጮኸው መልሱን የሚፈልገው ጌታው ይሁን፣ መልሱ እንዳይመጣ የምትፈራው የልጅ ልጅ፣ እሷም አላወቀችም።

ዮዳሄ ተነሣች። ቅርጫቱን በእናቷ እግር ሥር አስቀመጠችው። ሻሿን ፈታች፣ አጣጠፈች፣ ጥጡ ላይ አኖረችው። ከዚያ በመድረኩ ደረጃ ወርዳ የአቶ ልዑልቃልን ወንበር መረጠች፤ "የክብር እንግዳ" የሚለውን ወረቀት ሳትነቅል ደገፍ ብላ፣ እግሯን አነባብራ ተቀመጠች። ከጎኗ ያሉት ባለ ባርኔጣ አሮጊት ምንም ሳይጠይቁ እጃቸውን በሙሉ ዘርግተው ጨበጧት።

መድረኩ ላይ የቀሩት ልጆች ግራ ገብቷቸው አክሊሉን አዩት። አክሊሉ ከመጋረጃው ኋላ ሆኖ፣ ከዚያን ቀን በፊት ማንም ሰምቶት በማያውቅ ድምፅ፣ "ቀጥሉ!" ብሎ ጮኸ።

"አመለጠች!" አለ አንዱ ትንሽ ደቡብ። "ትመለስ! ሕጉ እንዲህ ይላል!"

"አትመለስም!" አለ ሰሜኑ።

"የኛ ናት!"

"እዚህ የእናንተ የሚባል የለም!"

ካርታው ከመሐል ተቀደደ። የኤልሳቤጥ ልጅ ማጉያውን ይዞ ስለ አንድነት ሊናገር ቢሞክር ማጉያው አጉረመረመበት። አዲስአለም ኮቱን ለአክሊሉ፣ መነጽሩን ለአባባ ወልደ ሥላሴ መለሰችና ወርዳ ከዮዳሄ ቀጥሎ ባለው የጽጌ ወንበር ተቀመጠች።

"ማሚ" አለች ዮዳሄ ዓይኗን ከመድረኩ ሳትነቅል፣ "ሳይነዷት በፊት እናቷ ያወጣችላት ስም ማን ነበር?"

"አላውቀውም" አለች አዲስአለም። "ማንም አያውቀውም።"

ዮዳሄ የእናቷን እጅ ይዛ ጭኗ ላይ አደረገችው። ከፊታቸው ልጆቹ መድፉን መተኮስ ጀምረዋል።